ስድስት ተኩል

«ቅዳሜ ሱቅ ዘግቶ፣ ባዛር መሄድ ምነው?
ሦስት ሙሽራ አለን፤ ይሄ ምን ጤና ነው?»
አለች ዝናሽ፣ ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ፣
የደንበኛን ጸጉር እስከ ሥሩ ተኩሳ።
እኔም ምክንያቴን ቆጠርኩላት በጣቴ፤
አንዱን ግን አስቀረሁ፣ ከውስጥ፣ ከአንጀቴ።

መጀመሪያ ሙቀት።
አዳማ ነን ዝናሽ፣ አሰላ አይደለንም፤
ቀትር ላይ እዚህ ፊት፣ ፊት ሆኖ አይውልም።
ያቺን የቦኩዋን ልጅ፣ ቦንቱን አስታውሺያት፤
ስድስት ሰዓት ተኩል ፎቶ ላይ ስናያት
ቅንድቧ ከቦታው ሊሄድ ተነሥቶ፣
ፓውደሩ ባንገቷ ወርዶ ተንሸራቶ፣
አማቷ በሶፍት ስትጠርግ፣ ስታብስ፣
ቡናማ ሆኖ ቀረ ያ ነጭ ቀሚስ።
ላብ የማይፈታው ቅባት እዚያ አለ ይላሉ፤
ውሃ ረጭተው፣ ማራገቢያ ከፍተው፣ ቆመው ያሳያሉ።

ሁለተኛ ብሩሽ።
የኛን እስኪ እዪው፤ ጸጉሩ ይነቀላል፤
ከሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ጢም መስሎ ይበቅላል።

ሦስተኛው ግን ዝናሽ፣ ይሄ አያስቅም፤
የሰሚራን ዓይን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።
ቀኑ ያለፈበት ማስካራ፣ ቁጥሩ ተፍቆ የተሸጠ፣
በርካሽ ገዝተን ነው፣ ዓይኗ እንደ ቆቃ ቲማቲም ያበጠ።
በጨለማ፣ ድንኳን ውስጥ፣
ጥቁር መነጽር አድርጋ ጨፈረች በዲጄ፤
ያንን የኳለው እጅ የሌላ አይደለም፣ ይኸው እጄ።
እዚያ ባለዕቃው ራሱ ጠረጴዛው ጋ ይቆማል፤
መቼ ተመረተ? ጊዜው መች ያልቃል?
ዓይን ቢያብጥስ ማን ይጠየቃል?

ደግሞም የሞጆ፣ የመተሐራ ሠሪዎች ይመጣሉ፤
ሙሽራ ሒሳብ ሳትከፍል ስትጠፋ
እንዴት አድርገው እንደሚያገኟት ያወራሉ።

እዚህ ጋ ዝናሽ ሣቀች።
አንዷን በስሟ ጠርታ ረገመች።
«ሂጂ በቃ፣ ሁለቱን እኔው እችላለሁ፤
ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ግን ደመወዝሽን እቆርጣለሁ።»

ያላልኳት ይሄ ነው፦
ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ስቀባ
የኔን የሚመስል ቀለም ሱቃችን አልገባ።
ስድስት ቁጥር ስቀባ ፊቴ አመድ ይሆናል፤
ሰባትን ስሞክር ደግሞ አንገቴ ይክደኛል።
እኅቴ ስትዳር እንኳ፣ ሃያ ሴት አሳምሬ፣
ፎቶው ላይ ዳር ቆሜያለሁ፣ ፊቴን በውሃ ብቻ አጥቤ፣ አፍሬ።

አዳራሹ ይጮኻል። ማይክ ያፏጫል። ወረቀት ያድላሉ።
ልጃገረዶች ግማሽ ከንፈር ተቀብተው ይዞራሉ።
ከጥግ፣ መጋረጃው ሥር፣ ባንዲት ጠባብ ጠረጴዛ፣
ኢክራም የሚሏት ሴትዮ፣ ትንሽ የብረት ማንኪያ ይዛ፣
አንድ ቃል ሳልናገር እጄን ሳበች፤
የእጄን አንጓ ገልብጣ፣ ወደ መስኮቱ አዙራ አየች።
ከስድስቱ ጠብታ፣ ከሰባቱ ጠብታ፣
በመስታወት ላይ አሸች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትፈታ፣ ሳትመታ።
ቀባችኝ።
ቀለሙን ፈለግሁት። የለም።
ቆዳዬ ብቻ ነው ያለው፣ ልክ እንደ ሁልጊዜውም።
«ስድስት ተኩል ነሽ» አለች። «ገና አልመጣም በካርቶን፤
ላይመጣም ይችላል። ጠያቂው ጥቂት ሆኖብን።»
ስልኬን ጻፈችው፣ ከሌሎች ስልኮች ሥር፤
ስቆጥር አሥራ አንድ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ላቤ ጀርባዬን አርሶ፣
ባጃጁም የመንገዱን አቧራ በላዬ ላይ አፍሶ፣
ስገባ ሦስተኛዋ ሙሽራ ተኮሳትራለች፤
«ብሩን ጨረስሽው አይደል? ምን አመጣሽ?» አለች
ዝናሽ። ብሩሹን በእጇ ሳበች፤ አልተነቀለም።
ደረሰኝ ቆጠረች። ስለ ሩቡ ሰዓት ምንም አላለችም።
«ለራስሽስ?»
አንጓዬን ገልብጬ ከመብራቱ ሥር ዘረጋሁላት።
አየች። መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየች።
«የታል? ምንም የለም'ኮ።»
«አዎ» አልኩ፣
ወደ ሙሽራዋ ዞርኩ።